በትምህርት ቤት ግቢ የጂኦካሺንግ መንገድ እንዴት ይሠራል? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ትምህርት ቤቶች

ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ (ያለንበትን ቦታ በሳተላይት በሚያሳውቀው ሥርዓት) የሚመራ ድብብቆሽ ነው። የሚደበቀው ክዳን ያለው ዕቃ ሲሆን ፈላጊው በእጁ የሚይዘው የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ዕቃውን ሲያገኝ ውስጡ ባለችው ደብተር ላይ ስሙን ጽፎ እንደነበረ ይመልሰዋል። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ በቀናት ውስጥ የመጀመሪያው ሣጥን በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ውስጥ ተደበቀ። ከዚያ በፊት ተራ መቀበያ እስከ 100 ሜትር ይስት ስለነበር የተደበቀ ዕቃ በዚያ ማግኘት አይታሰብም ነበር።

ለትምህርት ቤት የሚጠቅመው ኬክሮስና ኬንትሮስን ከካርታ አውርዶ እግር ሥር ስለሚያደርገው ነው። «ባሕር ዳር በ11.6 ዲግሪ ሰሜን፣ በ37.4 ዲግሪ ምሥራቅ ትገኛለች» ብሎ የሸመደደ ተማሪ፣ ከነጥብ በኋላ ያለው አምስተኛው ቁጥር ሲለወጥ አንድ ሜትር ያህል እንደተራመደ በእግሩ ሲያየው አይረሳውም። እግረ መንገዱንም የግቢውን ዛፎች በስማቸው ያውቃል።

ከሁሉ በፊት፦ ማን ማወቅ አለበት?

ርዕሰ መምህሩ፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ፣ አትክልተኛውና የጥበቃ ሠራተኞቹ በሙሉ ማወቅ አለባቸው። የቀኑ ጥበቃ አውቆ የሌሊቱ ካላወቀ ሥራው ገና አላለቀም። ባለቤቱ ያልታወቀ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ሣጥን ዛፍ ሥር ተገኘ ማለት ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ስለዚህ ዕቃው ውስጡን የሚያሳይ ይሁን። ሽቦ፣ ባትሪና ጥቁር ፕላስተር አይኑርበት። ከውጭ በማይለቅ ቀለም እንዲህ ተብሎ ይጻፍበት፦ «የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ መንገድ። ሣጥን ቁጥር 3። ለትምህርት የተቀመጠ ስለሆነ እባክዎ ከቦታው አያንሡት።» ከሥሩ የቢሮው ስልክ ይጻፍ። የሁሉም ሣጥኖች ቦታ የተመለከተበት አንድ ወረቀት በጥበቃ ቤት፣ አንድ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ።

መንገዱን ዓለም አቀፍ የጂኦካሺንግ ድረ ገጽ ላይ አትመዝግቡ። ከተመዘገበ የማይታወቅ ሰው ሣጥን ፍለጋ ልጆች ወዳሉበት ግቢ ሊመጣ ይችላል። ቁጥሮቹ መንገዱን በሚሠራው የተማሪዎች ክበብ መዝገብ ብቻ ይኑሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሰባት ጣቢያ (ሣጥን የሚቀመጥበት ቦታ) ላለው መንገድ፦

- ሰፊ አፍና የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚይዝ የማር ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ ፕላስቲክ፣ 9 (ሁለቱ መጠባበቂያ)
- ባለ 32 ገጽ ደብተር፣ 2 (አራት አራት ቦታ ተቆርጦ ይሰፋል)
- ለሁለት የተቆረጠ እርሳስ፣ 14 ቁራጭ፣ ከመቅረጫ ጋር
- ወረቀቱ የሚገባበት ትንሽ ላስቲክ፣ 14
- በየሜትሩ ቋጠሮ ያለው 50 ሜትር ሲባጎ
- ጂፒኤስ ያላቸው ስልኮች፣ ቢቻል 7
- ፊሽካና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን

እስክሪብቶ አይሁን። ቀለሙ በሙቀት ይፈሳል፣ እርጥብ ወረቀት ላይም አይጽፍም። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በአንድ ክረምት ይዝጋል፣ ጠርዙም እጅ ይቆርጣል። ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ደግሞ አፉ ጠባብ ስለሆነ የገባው ወረቀት አይወጣም።

ዕቃውን ከመደበቃችሁ በፊት ፈትኑት። ውስጡ ደረቅ ሶፍት አስገብታችሁ ክዳኑን ግጠሙና ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ጭናችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ካወጣችሁት በኋላ ውጩን ጠርጋችሁ ክፈቱት። ሶፍቱ አንድ ጥግ እንኳ ከረጠበ ያ ዕቃ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ውሃ የሚገባው የክዳኑ ውስጥ ላስቲክ ስለወለቀ ወይም የአፉ ጠርዝ ስለተሰነጠቀ ነው።

ውስጡ ከረሜላ፣ ብስኩት ወይም ሽታ ያለው ሳሙና አይግባ። ጣና ዳር ጦጣ አለ፤ ምግብ አንድ ጊዜ ያገኘችበትን ዓይነት ዕቃ ደግማ ስታይ ነክሳ ትከፍታለች። ጉንዳንም ቢሆን የስኳር ሽታ ካገኘ ተሰልፎ ይመጣል፤ ቀጥሎ እጁን የሚያስገባው ልጅ ነው የሚነደፈው።

መንገዱን መምረጥ

ግቢውን መጀመሪያ ያለ ስልክ ዙሩት። የምትፈልጉት ልጅ ቆም ብሎ የሚያየው ነገር ያለበትን ቦታ ነው፦ ዋንዛ፣ ሾላ፣ ብሳና፣ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ ኩይሳ፣ በየቦታው የሚገኘው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ ውሃ የሚያቁር ዝቅተኛ ስፍራ። በሁለት ጣቢያዎች መካከል ቢያንስ 40 ሜትር ይኑር። ስልክ ሜዳ ላይ 5 ሜትር ያህል፣ ዛፍ ሥር 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ይስታል። ሣጥኖቹ 15 ሜትር ከተቀራረቡ ቡድኖች አንዱን ለሌላው እያገኙ ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። (በዓለም አቀፉ ጨዋታ ዝቅተኛው ርቀት 161 ሜትር ነው፤ ለግቢ ያን ያህል አያስፈልግም።)

ግቢያችሁ ሐይቁ ዳር ድረስ የሚደርስ ከሆነ ልኩን የምትወስዱት ከመስከረሙ ውሃ ነው። ጣና የሚሞላው በክረምቱ መጨረሻ፣ በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን የሚጎድለው በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ነው። ዳሩ ለጥ ያለ ሜዳ በሆነበት ቦታ ትንሽ ከፍታ ብዙ ርቀት ይሸፍናል፤ በግንቦት ደረቅ ሜዳ ላይ የተመረጠ ጣቢያ በመስከረም ደንገል መካከል ቆሞ ይገኛል። የመስከረሙ ውሃ የደረሰበትን በድንጋይ ምልክት አድርጉና የመጨረሻውን ጣቢያ ከዚያ 30 ሜትር ወደ ኋላ አስቀምጡ። ልጆች ወደ ውሃው መግባት የለባቸውም። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው ዳር ዳሩ ላይ በሚኖሩ ትንንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው፤ ቁርጭምጭሚት ድረስ መግባትም በቂ ነው። ጉማሬ አመሻሽ ላይ ለግጦሽ ስለሚወጣ ዳር ያለ ጣቢያ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አይጎበኝ።

መገኛውን መለካት

መንገዱ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ።

ጂፒኤስ ኢንተርኔትም ሲም ካርድም አይፈልግም። ነገር ግን ዳታ የሌለው ስልክ የሳተላይቶቹን አቀማመጥ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ ስለሚቀበል የመጀመሪያውን ቦታ ለማግኘት ብዙ ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። ሥራ ከመጀመራችሁ ከ10 ደቂቃ በፊት ሎኬሽኑን ከፍታችሁ ሜዳ ላይ አቆዩት። ካርታውን ቀድሞ ለማውረድ ኦስማንድ የተባለው መተግበሪያ ጥሩ ነው፤ ከወረደ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

የቁጥር አጻጻፍ ስልቱን አንድ አድርጉ፤ ሁሉም ስልክ ላይ ዲግሪ በነጥብ፣ ከነጥብ በኋላ አምስት ቁጥር። ይህ ካልተደረገ ምን እንደሚመጣ ተመልከቱ። ከተማው መሀል ያለ አንድ ነጥብ 11.59432፣ 37.38871 ነው እንበል። ይኸው ነጥብ በዲግሪና ደቂቃ ሲጻፍ 11 ዲግሪ ከ35.659 ደቂቃ፣ 37 ዲግሪ ከ23.323 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ «11 ዲግሪ ከ59.432 ደቂቃ፣ 37 ዲግሪ ከ38.871 ደቂቃ» ብሎ ቢያስገባው ስልኩ 44 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል፤ ፎገራ ነው የሚያደርሰው። ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ያቀያየረ ደግሞ በቱኒዚያና በሲሲሊ መካከል ባሕር ላይ ይወድቃል። ኬክሮስ ሁልጊዜ ይቅደም። ለእኛ አካባቢ 11 የሚለው ፊት፣ 37 የሚለው ኋላ ነው።

አሁን ወደ ነጥቡ ሂዱ፦

1. ሣጥኑ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቁሙ። ስልኩን ከሰውነታችሁ ራቅ አድርጋችሁ ሰማይ እያየ በእጃችሁ ያዙ።
2. ሳትንቀሳቀሱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ስልኩ የሚያሳየው የስሕተት መጠን 5 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ቁጥሩን ጻፉ። እየተራመዱ የተጻፈ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ስልኩ የሚነግራችሁ ጥቂት ቀደም ብሎ የነበራችሁበትን ነው።
3. ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ጊዜ ድገሙት። ሳተላይቶቹ ቦታ ስለሚቀያይሩ ስሕተቱም አቅጣጫውን ይቀያይራል።
4. የሦስቱን አማካይ ውሰዱ። ኬክሮሱ 11.59432፣ 11.59437፣ 11.59434 ከሆነ 11.59434 ይሆናል። ኬንትሮሱ 37.38871፣ 37.38868፣ 37.38876 ከሆነ 37.38872 ይሆናል።
5. አንዱ ልኬት ከሌሎቹ ከ10 በላይ ከራቀ (በመጨረሻው አሃዝ ሲቆጠር፤ 11 ሜትር ያህል ማለት ነው) ጣሉትና እንደገና ለኩ።

ሁለት ቦታዎች ሁልጊዜ ያስቸግራሉ። አንዱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የመማሪያ ክፍል ጥግ ነው። ምልክቱ ከቆርቆሮና ከግድግዳ ነጥሮ ሲመጣ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚጓዝ ስልኩ ርቀቱን ያዛባል። ከሕንፃ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። ሁለተኛው የትልቅ ዋርካ ወይም ሾላ ጥላ ነው። ዛፉን ከመንገዱ ማውጣት ግን አያስፈልግም። 15 ሜትር ያህል ርቆ ባለ ገላጣ ቦታ ላይ ለኩና ከዚያ ነጥብ ወደ ሣጥኑ በእርምጃ ምሩ፦ «ቁጥሩ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ፊታችሁን ወደ ባንዲራው መስቀያ አዙራችሁ 22 እርምጃ ሂዱ።» ለዚህ የልጆቹ እርምጃ መታወቅ አለበት። 50 ሜትሩን ሲባጎ ዘርጉ፣ እያንዳንዱ ልጅ እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ይራመደው፣ እርምጃውን ይቁጠር፣ አማካዩን ለ50 ያካፍል። አንድ ሜትር ስንት እርምጃው እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው።

ሰባቱም ነጥቦች ሲያልቁ ቦታዎቹን ለማያውቅ መምህር ቁጥሮቹን ብቻ ሰጥታችሁ ላኩት። «እዚህ ነው» ብሎ የቆመበትና ሣጥኑ ያለበት ከ8 ሜትር በላይ ከተራራቁ ወይ እንደገና ለኩ፣ ወይ ፍንጩን አጠንክሩ።

መደበቅ

መሬት አትቆፍሩ፣ ዛፍ ላይ ሚስማር አትምቱ። የተቆፈረ ነገር ለመፈለግ ልጆች ሌላ አሥር ቦታ ይቆፍራሉ፤ በሚስማሩ ቁስል ደግሞ ነፍሳትና ሻጋታ ወደ ግንዱ ይገባሉ። ከድንጋይ ጀርባ፣ ከሥር መካከል፣ ሰፊ ጨርቅ ዛፉ ላይ አስሮ ከኋላው ማስቀመጥ ይበቃል። ከፍታው ከመሬት እስከ ልጅ ትከሻ። ዛፍ የሚያስወጣ አይሁን። የግድግዳ ቀዳዳ፣ የድንጋይ ካብ ውስጥና የዛፍ ጎድጓዳ አይሁኑ፤ እባብ፣ ጊንጥና ንብ የሚወዱት ይህንኑ ነው። ለሁሉም ቡድን አንድ ክንድ የሚሆን ዘንግ ስጡና «መጀመሪያ በዘንግ፣ ከዚያ በዓይን፣ በመጨረሻ በእጅ» የሚለውን ሕግ አስጠኑ። ዋልካ አፈር ላይ ያለ ሣጥን ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍለት፤ አለዚያ ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ይውጠዋል።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጥያቄ

ሣጥኑን ማግኘት ልጁን ቦታው ላይ ያቆመዋል፤ የሚያስተምረው ጥያቄው ነው። ጥሩ ጥያቄ የሚባለው እዚያ ሳይቆሙ ሊመለስ የማይችል ነው። «ዋንዛ ለምን ይጠቅማል?» ቢባል ክፍል ውስጥ ተቀምጦም ይመለሳል። «የዚህ ዋንዛ ግንድ በደረታችሁ ከፍታ ዙሪያው ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» ሲባል ግን ሲባጎውን ይዞ መጠጋት ግድ ነው።

ሾላ ላይ እንዲህ አድርጉ። ልጆቹ ፍሬው የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ነው ወይስ ከግንዱ እንደሆነ አይተው ይጻፉ። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀ አንድ የበሰለ ፍሬ በጥንቃቄ ለሁለት ይክፈሉ። ውስጡ በሙሉ በጥቃቅን አበባዎች የተሸፈነ ነው፤ የሾላ አበባ ከውጭ የማይታየው ለዚህ ነው። ትኩር ብለው ካዩ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ ተርቦች ያገኛሉ። አበባውን የሚያዳቅሉት እነሱ ናቸው፤ በፍሬው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ይገባሉ። «ከተከፈለው ፍሬ ውስጥ ስንት ተርብ ቆጠራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ግቢውን ጸጥ ያሰኘዋል።

የባሕር ዛፉ ጣቢያ ከዋንዛው ጋር ጥንድ ይሁን። አራት ሜትር ሲባጎ ጫፍና ጫፉ ታስሮ፣ አራት ልጆች ጥግ ጥጉን ይዘው ሲወጥሩት አንድ ሜትር ካሬ ይሆናል። መሬት ላይ አስቀምጠው ውስጡ የበቀለውን የዕፅዋት ዓይነት ይቁጠሩ፤ ዋንዛው ሥርም እንዲሁ። ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩት፤ መምህሩ ቀድሞ አይንገራቸው። ብሳና ላይ ብርቱካንማ የሆኑትን ቅጠሎች መቁጠር ይበቃል፤ ሊረግፉ የደረሱት ናቸው። ኩይሳው ቁመቱ ይለካ እንጂ አይፍረስ።

ፍንጩ በእንቆቅልሽ ቢሆን ልጆቹ ይበልጥ ይወዱታል። ለሾላው፦ «እንቆቅልሽ! ጌጤን ጆሮዬ ላይ ሳይሆን ወገቤ ላይ የምደረድር፤ ከእግሬ ሥር ሦስተኛዋን ድንጋይ እዩ።» ያልገባው ቡድን እንደ ወጉ አገር ይሰጣል፤ እዚህ ግን አገሩን ከነኬክሮሱና ከነኬንትሮሱ ነው የሚሰጠው። ጎንደርን (12.6፣ 37.5) የሰጠ ቡድን ከባሕር ዳር በየት አቅጣጫ፣ በስንት ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ ከተናገረ ተጨማሪ ፍንጭ ያገኛል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 110 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ካወቁ ቀላል ነው። የመኪናው መንገድ ለምን ከዚያ እንደሚረዝም ደግሞ ካርታው ላይ ሐይቁን አይተው ይመልሱታል።

በየሣጥኑ ክዳን ውስጥ አንድ ፊደል ለጥፉ። ሰባቱ ተሰብስበው «ደብረ ማርያም» ይሆናሉ፤ ከከተማው አጠገብ ያለችው ደሴት። ፊደሉ ያለ ጥያቄው መልስ ዋጋ እንደሌለው አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሦስት ፊደል አይተው የሚገምቱ አይጠፉም።

የጨዋታው ቀን

ጠዋት 2:30 ጀምሩ። ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ፣ 80 ደቂቃ ያህል ይበቃል፦ 15 ደቂቃ ማብራሪያ፣ ለእያንዳንዱ ጣቢያ 7 ደቂቃ፣ ቀሪው መልስ ማመሳከሪያ። ስድስት ስድስት ልጆች ያሏቸው ሰባት ቡድኖች በሰባቱ ጣቢያዎች ላይ ይመደቡና ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ወደ ቀጣዩ ቁጥር ይለፍ። ሁሉም ከቁጥር 1 ከጀመሩ ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን እየተከተለ ይሄዳል፤ ፍለጋ አይኖርም። ክፍሉ 60 ልጅ ካለው ለሁለት ክፈሉት። ስልኩ የመምህራን ስለሚሆን ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ ኃላፊ ልጅ ይመደብ፣ ሳይሰጥም ባትሪው ሙሉ ይሁን። ስልክ ያልደረሰው ቡድን ከባንዲራው መስቀያ የሚነሣ የእርምጃ መመሪያ ይያዝ።

ልጆች ሁሉ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ቆመው ቀስቱን ያያሉ፤ ኮምፓስ በሌለው ስልክ ላይ ቀስቱ የቆመ ሰው እጅ ላይ ዝም ብሎ ይዞራል። አቅጣጫው የሚስተካከለው ቀጥ ብለው አሥር ሜትር ያህል ሲራመዱ ነው። «10 ሜትር ቀርቷል» ሲል ደግሞ ስልኩ ኪስ ይግባ፣ ዓይን ይሥራ። ከዚያ ወዲህ የስልኩ ስሕተት ከቀረው ርቀት ጋር እኩል ስለሆነ እሱን መከተል በአንድ ቦታ መሽከርከር ነው።

ጥገና

በወር አንድ ጊዜ ሁለት የክበቡ ልጆች ሁሉንም ይዙሩ። ዕቃው ከፀሐይ ተከፍቶ አንድ ሰዓት ይናፈስ፣ እርጥብ ወረቀት ይቀየር፣ እርሳስ ይቀረጽ። አንድ ሣጥን ሁለት ጊዜ ከጠፋ ቦታውን ቀይሩ፤ ወይ መተላለፊያ ላይ ነው፣ ወይ ጦጣዎቹ ለምደውታል። ሰኔ ሲገባ ሁሉንም ሰብስባችሁ ታጥበው በመጋዘን ይቀመጡ። በጥቅምት መሬቱ ሲጠነክር ሣሩ አድጎ፣ ድንጋዩ ተንቀሳቅሶ፣ ዳሩም ተለውጦ ስለሚገኝ የእርምጃ ፍንጮቹን በሙሉ ከመደበቃችሁ በፊት በእግራችሁ ፈትሹ።